ከአጀም ወደ ፊደል፦ መንዙማ ከማሳተም በፊት ቤቱን ማወቅ

መንዙማ በሐድራና በመውሊድ ሲባል የኖረ ግጥም ነው። ስሙ «ነዘመ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ በሥርዓት የተደረደረ፣ እንደ ዶቃ የተሰካ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከየሰው አፍና ከየካሴቱ ተለቅሞ ለኅትመት ሲቀርብ ሥርዓቱን ጥሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስንኙ ይሰበራል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ይባስ ብሎም የገጣሚው ስም ይጠፋል። ስለዚህ መንዙማ ለማሳተም የሚነሳ ሁሉ አስቀድሞ የግጥሙን አሠራር ሊያውቅ ይገባል።

ዐረቦች የግጥምን መሥመር «በይት» ይሉታል፤ ቤት ማለት ነው። እኛ ደግሞ ስንኞች የሚገናኙበትን የመጨረሻ ድምፅ ቤት እንለዋለን። የዐረቡ በይት በሁለት እኩሌታ እንደሚከፈል ሁሉ የአማርኛውም ስንኝ መሐሉ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ በልኬቱ ነው። ዐረብኛ የድምፁን ርዝመትና እጥረት ይመዝናል፤ አማርኛ ግን የቀለሙን ብዛት ይቆጥራል። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስትና ስድስት፣ በድምሩ 12 ቀለም አለው። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስትና አምስት ነው። ለትምህርት ያህል ይህችን የወል ቤት እንይ፦

በቃል ብቻ ያለ / ከሰው ጋር ይጠፋል፤
በብራና ያደረ / ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

«ከሰው ጋር ይጠፋል» የሚለው በፊደል ሲቆጠር 9 ነው፤ በጆሮ ሲቆጠር ግን 6። «ው»፣ «ር» እና «ል» ከፊታቸው ካለው ድምፅ ጋር ይዋጣሉ፤ «ይ» ግን ሳድስ ብትሆንም ራሷን ችላ ትቆጠራለች። ስለዚህ ግጥም የሚቆጠረው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። መንዙማ ሁሉ በወል ቤት አይሄድም፤ ዜማው እንደፈቀደው ያጥራል፣ ይረዝማል። ሆኖም መጀመሪያ የተያዘውን ልክ የለየ ሰው፣ የተሰበረ ስንኝ ሲገጥመው ቃል መውደቁን ወይም መጨመሩን ወዲያው ያውቃል።

ሁለተኛው ችግር ጽሕፈቱ ነው። እንደ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማዎች የአማርኛ ግጥማቸውን በአጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። የዐረብኛ አናባቢ ምልክት በመሠረቱ ሦስት ሲሆን የእኛ ፊደል ሰባት ነው። በአንጻሩ ዐረብኛ የሚጠብቀውን ድምፅ በሸዳ ያሳያል፤ የእኛ ፊደል ግን አያሳይም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ይኖራል የሚለየው በአንባቢው ነው። በመሆኑም ከአጀም ወደ ፊደል መገልበጥ የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም። ዜማውን የሚያውቅ አዋቂ አጠገብ ተቀምጦ፣ እየተባለና እየተሰማ ሊሠራ ይገባዋል።

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ አዝማቹን አንድ ጊዜ ከላይ ጽፎ ተቀባዩ የሚገባበትን ቦታ በምልክት ማሳየት ይበቃል። የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ስለሆነ ረጅም ስንኝ መሐል ቃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል፤ ላኪው ማረፊያውን አስቀድሞ ምልክት ካደረገበት ግን አዘጋጁ በዚያው ይከፍለዋል። ከግጥሙ ጋር የገጣሚው ስም፣ ግጥሙን የነገረው ሰው፣ የተሰበሰበበት ቦታና ዓመት ይጻፍ። የአጀሙ ዋና ጽሑፍ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፤ ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ቅጂው ነው። በመጽሐፍ መልክ የሚያሳትም ደግሞ የቅጂውን ብዛት፣ ወጪውን የሚችለውን፣ የሽያጩን ድርሻ በጽሑፍ ይዋዋል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ላገኘ ሥራ ነው። እንግዲህ ዛሬ መንዙማ የሚገጥም ወጣት ግጥሙን በቃሉ ብቻ ይዞ ቢቀመጥ፣ ሌላው ወስዶ የራሱ ሲያደርገው የሚያሳየው ማስረጃ ያጣል። ጽፎና ቀን አኑሮ ካስቀመጠው ግን መብቱ በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ዘመን ያለፈውን የቀደምት ሼኾች ግጥም ለማተም ፈቃድ የሚጠየቅ ወራሽ ባይኖርም፣ ስማቸውን መጥራት ግን አማና ነው። የሌላውን ድካም ያለ ስሙ ማውጣት፣ ወይም በራስ ስም ማውጣት፣ ከሕግ በፊት በአላህ ዘንድ ያስጠይቃል።

የሚያውቁት አዛውንቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ነገ ግን ላናገኛቸው እንችላለን። እያንዳንዳችን በየመንደራችን አንድ አዋቂ ፈልገን አንድ መንዙማ ከነስሙ፣ ከነልኩና ከነቤቱ ብንጽፍ፣ የሚመጣው ትውልድ የተሰበረ ስንኝ ሳይሆን ያልተጓደለ ቅርስ ይረከባል፣ ኢንሻአላህ።