የተስተካከለ ጥርስ ሲመለስ፦ ከእንፍራንዝ ሆነው ምን ያደርጋሉ?

ቤታችን እንፍራንዝ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ የባሕር ዳርና የጎንደር መኪና በደጃችን ያልፋል። ባለፈው ዓመት በፋሲካ እናቴ አቦሉን ቀድታ ስታቀብለኝ ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ልጄ፣ ያ ታችኛው ጥርስሽ ተመልሶ ተደራረበ እንዴ?» አለችኝ። በ17 ዓመቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ሁለት ዓመት ብሬስ የሚባለውን የጥርስ ማስተካከያ ብረት አስሬበታለሁ። አክስቴ የከፈለችውን ገንዘብ አስቤ አንገቴን ደፋሁ። ብሬሱ ሲወልቅ የሰጡኝን መያዣ፣ ሪቴይነር የሚሉትን፣ አንድ ዓመት አድርጌ ትቼው ነበር።

አሁን ሳውቀው አንገት የሚያስደፋ ነገር አልነበረም። ጥርስ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ አይኖርም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ያሉ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው የሚይዙት። ብሬስ ሲገፋው አጥንቱ በአንድ በኩል እየሳሳ በሌላው እየተገነባ መንገድ ይለቅለታል። የድዱ ጅማት ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ወደ ጥንት ቦታው ይስበዋል። ኖርዌጂያዊው የጥርስ ሐኪም ካሬ ራይታን የውሾችን ጥርስ አዙሮ ሲያጠና የድዱን ጅማት ከ232 ቀን በኋላም እንደተወጠረ አግኝቶታል። ዞሮ የነበረ ጥርስ ቀድሞ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ ጥርስ ተነቅሎላቸው ብሬስ ያሰሩ ሰዎችን ተከታትለው፣ መያዣው ከቆመ ከ10 ዓመት በኋላ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ደህና ሆኖ የቆየላቸው ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ 10 በመቶ። ብሬስ ባልነካው አፍ ውስጥም ቢሆን የታችኛው የፊት ጥርስ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይጨናነቃል። «መጨረሻ የበቀለው መንጋጋ ገፍቶት ነው» የሚባለውን ጥናት አልደገፈውም፤ ለዚህ ብቻ ብለው አያስነቅሉት።

መጀመሪያ፦ ፍጥነቱን ይወቁ

ጠዋት በር ላይ በሚገባው ብርሃን ከንፈርዎን ገልጠው ከፊት፣ ከቀኝና ከግራ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የታችኛውን ረድፍ ደግሞ ሌላ ሰው ከላይ ያንሳልዎት። በየወሩ በዚያው ቦታ ይድገሙት። ለብዙዎች ለውጡ ዓመታት የሚወስድ ስለሆነ መቸኮል አያስፈልግም።

የሚያስቸኩሉ ምልክቶች ግን አሉ። የላይኛው የፊት ጥርስ ወደ ውጭ እየወጣና እየተበተነ ከሄደ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ወይም ከጥርስ ጀርባ የተጣበቀው ሽቦ ከአንዱ ጥርስ ከተላቀቀ ወር አይጠብቁ። ሽቦው ሳይላቀቅ ተጣሞ አንዱን ክራንቻ ብቻውን ወደ ውጭ የሚገፋበት ጊዜም አለ፤ ይህ የድሮው አቀማመጥ መመለስ ሳይሆን ሽቦው ራሱ የሚሠራው ጥፋት ነውና መውለቅ አለበት።

የድሮውን መያዣ ይሞክሩ

ሳጥኑን ከፈለጉና መያዣውን ካገኙ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው በጣትዎ ቀስ አድርገው ያስገቡት። ጠበቅ ብሎም ቢሆን ዙሪያውን እኩል ከተቀመጠ፣ ከምግብ በቀር ሙሉ ቀን ያድርጉት። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየላላ ከመጣ ጥርሱ ወደ ቦታው እየገባ ነው። ካልተቀመጠ፣ በአንድ በኩል ከተንሳፈፈ፣ ድድ ከቆነጠጠ ወይም ጥርሱን ካሳመመ ያውልቁት። ነክሰው አያስገቡት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥም አይንከሩት፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፤ የተጣመመ መያዣ ደግሞ ጥርስን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል።

የእኔ አልገባም።

ድድ ሳይድን ጥርስ አይነካም

ይህን ክፍል በጥሞና ያንብቡልኝ። በታመመ ድድ ላይ ጥርስ መግፋት ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያሳጣል። በእኛ አገር አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እህቶች የድዳቸውን መቅላት አያዩትም፤ ንቅሳቱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ደሙን ይከታተሉ። ሲፍቁ ወይም ሲቦርሹ የሚደማ ድድ የታመመ ድድ ነው።

መፋቂያ ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ምራቅ የሚፈስበትና የጥርስ ድንጋይ ቶሎ የሚጋገርበት ቦታ፣ ለመፋቂያ አይመችም። እዚያ ትንሽ ራስ ያለው ብሩሽና የጥርስ ክር ያስፈልጋል። እጥበቱንና የተቦረቦረውን መሙላት ጎንደር ማስጨረስ ይቻላል፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል አለው። የተነቀለ መንጋጋ ካለ ደግሞ ክፍት ቦታው እንዲታይ ይጠይቁ፤ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው እያዘነበሉ ንክሻውን ያዛባሉ።

መንገዱን ርቀት ይወስነዋል

ጥርስ የማስተካከል ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እንፍራንዝ የሚኖር ሰው ከዋጋው ጋር «ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ብሬስ እንደገና ሲታሰር በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ቀጠሮ አለው፤ የተነቀለ ብረት ካለም ተጨማሪ ጉዞ ነው። ጥርሱ ብዙ ከዞረ ወይም ንክሻው ራሱ ከተበላሸ ግን ብሬስ ይሻላል፤ መንገዱን መቻል ነው።

ጥቂት ብቻ የተደራረበ ከሆነ አላይነር የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ለሩቅ ሰው ይመቻል፤ ብዙ ቅርጾች በአንድ ጊዜ ተቀብሎ መመለስ ይቻላልና። እያንዳንዱ ቅርጽ ጥርሱን ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ ይቀየራል። ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፦ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ስለማይፈታ ይህ አይከብደውም። የሚከብደው ቡናው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ፣ ጎረቤት ደግሞ ሲጠራ፣ ፕላስቲኩ ግማሽ ቀን ሳጥን ውስጥ ይውላል። ከአላይነር ጋር ውኃ ብቻ ነው የሚጠጣው፤ ሙቅ ቡና ያጣምመዋል፣ ያጠቁረዋልም። እኔም አላይነር ስይዝ የቡና ሰዓቴን ከምሳ ጋር አያይዤ አንድ ጊዜ ብቻ ማውለቅ ጀመርኩ።

ቦታ ለማግኘት ሐኪሙ በጥርስና በጥርስ መካከል በጥቂቱ ልሞርድ ሊልዎት ይችላል። በአንድ መገናኛ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካልበለጠና ከተወለወለ ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው፤ የተሞረደው ግን አይተካምና ስንት እንደሚሞረድ አስቀድመው ይጠይቁ።

የላይኛው ፍንጭትዎ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ መዘጋቱን በእርግጥ እንደሚፈልጉ ያስቡበት። ፍንጭት በእኛ ዘንድ ጌጥ ነው፤ ለጤናም አይከፋም። ይዘጋ ካሉ ግን ዕድሜ ልክ መያዣ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ከሌላው ጥርስ ይልቅ ለመመለስ ይቸኩላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ጎማ ወይም ክር በጥርስ ላይ አስረው ራስዎ አይዝጉት። ጎማው በጥርሱ ቅርጽ ላይ እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል፤ አጥንቱን እየበላ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በዚህ ደህና የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች ሊወልቁ ይችላሉ።

ከተስተካከለ በኋላ መያዝ

ሕክምናው ሳይጀመር «መያዣዬ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ፤ ዋጋውም ከሒሳቡ ጋር ይካተት። ለታችኛው የፊት ጥርስ ከጀርባ የሚጣበቅ ሽቦ፣ ከላዩ ደግሞ ሌሊት የሚደረግ ፕላስቲክ ቢኖርዎት፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይጠብቅልዎታል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ በየሌሊቱ ነው። እስከ መቼ? ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጉ ድረስ።

ቆሎና የተቆላ ሽምብራ በፊት ጥርስ አይከርተፍ፤ ሸንኮራም በፊት ጥርስ አይላጥ፤ ሽቦው የሚነቀለው በዚህ ነው። መያዣውን በሶፍት ጠቅልለው ማዕድ ላይ አያኑሩ፤ ከፍርፋሪው ጋር ይጣላል። ውሻም ይወደዋል፤ ከፍ ካለ ቦታ ሳጥኑ ውስጥ ያድርጉት።

የጥርስዎን ልክ በኮምፒውተር ካነሱልዎት ፋይሉን በስልክዎ ይቀበሉ፤ በጂፕሰም ከሆነ ቅርጹን ቤት ወስደው ያስቀምጡ። መያዣው ቢጠፋ በዚያው ልክ ሌላ አሠርቶ በሰው መላክ ይቻላል፤ እርስዎ መሄድ ላያስፈልግዎት ይችላል። የእኔ የጂፕሰም ቅርጽ አሁን እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ ተቀምጧል። በወር አንድ ቀን ደግሞ ጣቴን ከሽቦው ላይ አሳልፌ እያንዳንዱን ጥርስ እነካካለሁ፤ አንዱ ከተላቀቀ የዚያኑ ሳምንት የጎንደር ሚኒባስ ላይ ነኝ።