ከኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የበቀለው ፈርን

ጥያቄ፦ ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ፀሐይ በማያገኘውና ውሃ በሚያንጠባጥብ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ተክል አየሁ። ዘንጉ ጥቁር፣ ቅጠሎቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው። አበባ ፈልጌ አጣሁ። እህቴ «አዲስ አበባ ሳሎኔ ውስጥ የማሳድገው ነው» ትላለች። እውነት አንድ ናቸው? ነቅዬ ብተክለውስ ይጸድቃል?
አንባቢ፣ ከለሚ

መልስ፦ አበባ ያጡት ስለሌለው ነው። ያዩት ፈርን ነው፤ የሚራባውም ስፖር በሚባል ደቃቅ ብናኝ ነው። ከገለጻዎ ስነሳ፣ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አዲያንተም ካፒለስ-ቬነሪስ ብሎ የመዘገበው ዝርያ ይመስለኛል። ሞቃትና ለዘብተኛ አየር ጠባይ ባላቸው ብዙ አገሮች ይገኛል፤ እርጥብ የኖራ ድንጋይም ይወዳል።

ቦታውም ይህንኑ ያጠናክራል። የለሚ አምባ አናቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወደ ጀማ ሲወረድ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ይገለጣል። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶም የሚፈልገው ይህንኑ ድንጋይ ነው። ከላይ የሰረገው ዝናብ በስንጥቁ ሲወጣ ኖራ ይዞ ይወጣል፤ ፈርኑም እዚያ ይሰፍራል።

እርግጠኛ ለመሆን ግን ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከእጥፋቱ ሥር ቡናማ ስፖር ከያዘ የአዲያንተም ወገን ነው። ውሃ ሲረጩበትም ሳይርስ ያንከባልለዋል።

የእህትዎ ተክል ምናልባት አዲያንተም ራዲያነም ይሆናል፤ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሆኖ ለሳሎን ማስዋቢያ የሚሸጠው እሱ ነው። የሚለዩት በአጉሊ መነፅር ነው። ስፖር የሌላትን አንዲት ቅጠል ወደ ብርሃን ያንሡና ጅማቶቿን እስከ ጫፍ ይከተሉ። በቅጠሏ ጠርዝ ባሉት ጥርሶች ጫፍ ላይ ካለቁ የገደሉ፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ካለቁ የሳሎኑ ነው። ሦስተኛው ተመሳሳይ፣ አዲያንተም ፖይሬቲ፣ የጫካ ጥላ ይመርጣል፤ በስፖሩ መካከልም ብዙ ጊዜ ቢጫ ብናኝ ይታያል።

መንቀሉን ግን ይተዉት። ሥሩ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሲነቀል ይበጣጠሳል፣ የተረፈውም በደረቅ አየር ይጠወልጋል። ይልቅ ስፖሩ የበሰለ አንድ ቅጠል ቆርጠው በነጭ ወረቀት ላይ አሳድረው የወረደውን ብናኝ ይውሰዱ። በፈላ ውሃ ታጥቦ በቀዘቀዘ እርጥብ ሸክላ ስባሪ ላይ በትነው፣ በብርጭቆ ከድነው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። መጀመሪያ የሚወጣው ልብ የመሰለ ስስ አረንጓዴ ነገር ነው። ወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ዋኝቶ ስለሆነ ሸክላው ለአንድ ቀንም መድረቅ የለበትም።

ለማረጋገጫ ደግሞ አንድ ሙሉ ቅጠል በጋዜጣ መካከል አድርቀው፣ ቦታውን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ ከፍታውንና ቀኑን ጽፈው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ያሳዩ። ያለ እነዚህ ማስታወሻዎች የደረቀ ቅጠል ብዙም አይጠቅምም።