ፔዳሉን ካልረገጡት የማይነሳ ሞተር

ክሩዘር የሚባለውን ብስክሌት በአሜሪካ ከተሞች በየጋራዡ ጥግና በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ታገኙታላችሁ። ጎማው ሰፊ ነው፤ መሪው ወደ ነጂው ተቆልምሟል፤ የብረት አካሉ በለስላሳ ቅስት ጎብጧል። ብዙ ጊዜ ካቴናው ዝጎ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ «አንድ ቀን እጠግነዋለሁ» ያለው ባለቤቱም ረስቶት ነው የሚገኘው። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ ያ ብረት በእናንተ እጅ ሞተር ተገጥሞለት መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ የመካኒክነት ዲፕሎማ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ እሱንም ቢሆን ሥራው ራሱ ያስተምራችኋል።

ይህ ፍሬም እኮ ከሞተር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከጀርመን ወደ ቺካጎ የተሰደደው ኢግናዝ ሽዊን እ.ኤ.አ. በ1895 የብስክሌት ኩባንያ አቋቋመ፤ በኋላም ኤክሴልሲየርና ሄንደርሰን የተባሉትን የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ገዛ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና በ1931 የሞተሩን ሥራ ዘጋው። እጁ ላይ የቀረችው ብስክሌት ብቻ ነበረች። ልጁ ፍራንክ በ1933 ወርዱ 2.125 ኢንች የሆነ ወፍራም ጎማ ያላት፣ መልኳ ቁርጥ ሞተር ብስክሌት የሆነች ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በእነዚያ ዓመታት ብስክሌቶች ላይ ጠብታ ቤንዚን የማይዝ፣ ለጌጥ ብቻ የተሠራ «ታንክ» ይለጠፍ ነበር። ሌሎች አምራቾችም ተከተሉ፤ ዛሬ ክሩዘር የምንለው ቅርጽ የመጣው ከዚያ ነው። ሞተሩን ያጣ ቤት ተስፋ ሳይቆርጥ የሞተሩን መልክ በብስክሌት ላይ አስቀረው። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1939፣ ዊዘር የተባለ በብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞተር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተሠርቶ ገበያ ወጣ።

ፍሬሙን ለመምረጥ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ስለሚሆን ለዚህ ሥራ ተዉት። የሞተር ንዝረትን ለዓመታት የሚችለው ብረት ነው። ላይ ላዩን የታየ ዝገት አያስፈራችሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የብየዳ መጋጠሚያዎቹን ግን አንድ በአንድ አጽድታችሁ እዩ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ምንም ያህል ቢያምር አትግዙት።

አሁን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ደረስን። ሞተሩ በካርቶን ታሽጎ ቤት ሲገባ ልብ ወደ እሱ ይሸፍታል። እባካችሁ ካርቶኑን አትክፈቱት! መጀመሪያ ፍሬኑን። አሮጌ ክሩዘር በአብዛኛው ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ ከሚይዘው የኋላ ፍሬን በስተቀር ሌላ የለውም። በእግር ጉልበት ለሚሄድ ብስክሌት ያ ይበቃ ነበር፤ ሞተር ሲገጠምለት ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትርን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ይጨመርለት። ቀጥሎ ቸርኬዎቹን አንሥታችሁ አሽከርክሩ፤ ግራና ቀኝ የሚወላገዱ ከሆነ ራጂዎቹን ሩብ ዙር በሩብ ዙር እያጠበቃችሁና እያላላችሁ አቃኑ። ይህ ምሽት የሚበላ ሥራ ነው፤ የሚያጨበጭብለትም ሰው የለም። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም እጅ መስማት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የላላ ራጂና የጠበቀ ራጂ ሲነኩ ድምፃቸው ይለያያል፤ መጀመሪያ ላይ የማይታወቃችሁ ልዩነት ከሰዓታት በኋላ ግልጽ ሆኖ ይሰማችኋል።

የኋላው ቸርኬ ሌላም ፈተና አለው። በየመደብሩ ከሚሸጠው ባለሁለት ምት ሞተር ጋር ብዙውን ጊዜ ባለ 44 ጥርስ ክብ ብረት ይመጣል፤ እሱ ራጂዎቹን በጎማ ቀለበቶች መካከል አቅፎ በዘጠኝ ቡሎን ይታሰራል። መሐሉን ካልጠበቀ ካቴናው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፣ በመጨረሻም ይዘላል። ቡሎኖቹን በተራ አታጥብቁ፤ አንዱን ካጠበቃችሁ ወደ ተቃራኒው ተሻገሩ፣ ጥቂት በጥቂት። ካቴናውን የሚወጥረው ትንሽ ጎማም በደንብ ይታሰር፤ ከቦታው ተንሸራቶ ራጂ ውስጥ ከገባ የኋላውን ቸርኬ ባለበት ያቆመዋል። በዚህ ላይ ያጠፋችሁት ሰዓት አልባከነም፤ በሰላም ወደ ቤት የሚመልሳችሁ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ካርቶኑን ክፈቱ። ሞተሩ በፍሬሙ ሁለት ቱቦዎች መካከል ይቀመጣል፤ ካርቡራተሩ፣ ማርሚታው፣ ካንዴላው፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ በመመሪያው ቅደም ተከተል ይገጠማሉ። የክሩዘር የፊት ቱቦ ወፍራም በመሆኑ ማሰሪያው ካልበቃው ሰፋ ያለ ማሰሪያ ፈልጉ፤ ቱቦውን መብሳት ፍሬሙን ያደክመዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስነሱት ዕለት የምታዩት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ይህ ሞተር የሚነሳበት ቁልፍ የለውም፤ የሚጫኑት አዝራርም የለውም። ፍሪሲዮኑን ትይዛላችሁ፣ ፔዳል ትመታላችሁ፣ ብስክሌቱ ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑን ትለቃላችሁ፤ ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው የራሳችሁ ጉዞ ነው፤ ሞተሩም የሚቀበላችሁ ያኔ ነው። ስንቶቻችን ነን ትምህርት ለመጀመር፣ ሥራ ለመቀየር፣ ቋንቋ ለመልመድ «ሞራሉ ሲመጣልኝ» እያልን የተቀመጥን? ፍላጎትም እንደዚህ ሞተር የሚነድደው ሰው በጉልበቱ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው። ሳይመቻችሁ የምታነቡት የመጀመሪያ ገጽ፣ ሳትፈልጉ የምትሮጡት የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር ያ ፔዳል ነው።

ዛሬ በዓለም የሚታወቁ ስሞችም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። በሚልዋኪ ከተማ ዊሊያም ሃርሊ የተባለ ወጣት በ1901 ለብስክሌት የሚሆን ትንሽ ሞተር በወረቀት ላይ ነደፈ። ከጓደኛው ከአርተር ዴቪድሰን ጋር በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው በ1903 ሲሞክሩት የከተማዋን ዳገቶች ያለ ፔዳል እርዳታ መውጣት አቃተው። ወጣቶቹ በፔዳል እየረዱ አወጡት፤ ምን እንደሚጎድለውም አወቁ፤ ከዚያ ተለቅ ያለ ሞተርና ጠንካራ ፍሬም ወደ መሥራት ገቡ። ሃርሊ ዴቪድሰን የተወለደው ዳገት ካቃተው ሞተር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የጃፓኑ ሶይቺሮ ሆንዳ ነው። በ1946 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቋል፣ አገሩ ፈርሷል፣ መጓጓዣ ብርቅ ሆኗል። ሆንዳ በሐማማትሱ ከተማ ለወታደራዊ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ተሠርተው የተረፉ ትናንሽ ሞተሮች አገኘና በብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ ታንክ አልነበረውም፤ ቤቱ የነበረውን፣ አልጋ የሚሞቅበትን የሙቅ ውሃ መያዣ የቤንዚን ታንክ አደረገው። አምስት መቶ የሚሆኑት ሞተሮች ሲያልቁበት የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1948 ሆንዳ ኩባንያን መሠረተ። በ1958 የወጣችው ሱፐር ከብ የተባለችው ሞተር ብስክሌቱ በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ታንክ እስኪያገኝ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ።

የእናንተ ሞተር ከተነሳ በኋላ ገና አዲስ ነውና ታገሡት። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው፤ ለአዲስ ሞተር ብዙ መመሪያዎች 16 ለ 1 ያዝዛሉ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት። በመጀመሪያዎቹ ታንኮች ጋዙን እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። ከየጉዞው በኋላ ቡሎኑንና ዳዶውን ሁሉ በቁልፍ ዳስሱ፤ ንዝረቱ ያላላቸዋል። ሕጉንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች እንዲህ ላለ ብስክሌት ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ሄልሜት ደግሞ ሕግ ቢያዝም ባያዝም ይደረግ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ ውስጥ ከስልኩ ቀና የማይል ወጣት ካለ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ራጂ የማቃናቱን ምሽት አብራችሁ ሥሩት። ቁልፉን ለእሱ ስጡት፤ እናንተ መብራት ያዙለት። የመጀመሪያውን ራጂ አለመጠን ቢያጠብቀው ዝም በሉ፤ ቸርኬው ሲወላገድ ራሱ አይቶ መልሶ ያላላዋል።