በአዲስ ቀለም የሚሸጥ የጀልባ ሞተር፤ ገዢው ምን ይጠይቅ?

ያገለገለ የጀልባ ሞተር ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ታጥቦና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነው። ቀለም መቀባቱ በራሱ ማታለል አይደለም፤ በወጉ የተቀባ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል። ችግሩ በወጉ የተቀባውና ጉድለት ለመሸፈን የተቀባው ለዓይን አንድ መምሰላቸው ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሐይቅ ላይ ገንዘቡን በጀልባ ሥራ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት፣ ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላም ጭምር፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል።

ብረቱ ለምን ይበላል?

ውኃ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ እግርና የማርሹ ቤት የሚሠሩት ከአልሙኒየም ቅልቅል ነው። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጅና ራሱን ይከላከላል። የባሕር ጨው ይህን ሽፋን ይሰብራል። በዚህ ላይ የኤሊካው ዘንግና ብሎኖቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አንደኛው ይሟሟል፣ ሌላው ይተርፋል። የሚሟሟው አልሙኒየሙ ነው። ቀለሙ በአንድ ቦታ ከተጫረ ደግሞ ጥቃቱ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መድኃኒቱ ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የእንግሊዙ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የጦር መርከቦች የተለበጡበትን መዳብ ለማዳን ከጎኑ ዚንክ ወይም ብረት እንዲታሰርለት ሐሳብ አቀረበ። በጀልባ ሞተር ላይ ያለው አኖድ የሚባለው ቁራጭ የዚሁ ሐሳብ ውጤት ነው። አኖዱ ራሱ እየተበላ አልሙኒየሙን ያተርፋል።

ሲገዙ ምን ይታይ?

አንደኛ፣ አኖዱን ይመልከቱ። ቀለም ከተቀባ ቀቢው ሥራውን አያውቅም ማለት ነው፤ የተቀባ አኖድ አይሠራም። ጨርሶ ከሌለ ወይም ግማሹ ከተበላ በኋላ ካልተለወጠ፣ ብረቱ ያለ ጠባቂ ከርሟል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በጥፍር ይንኩት። ሥሩ ነጭ ዱቄት ካለ አልሙኒየሙ እየተበላ ነው። ሦስተኛ፣ የማርሹን ዘይት በጥቂቱ ያስቀዱ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። አራተኛ፣ ሞተሩ በባሕር ላይ ሠርቶ እንደሆነ፣ ከሠራም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ እንደነበር ይጠይቁ። ብሎኖቹ አልፈታ ካሉ መልሱን ራሳቸው ሰጥተዋል።

አቀባቡ

ሻጭም ሆነ ገዢ ቀለሙን ለማደስ ከፈለገ ትልቁ ሥራ ከቀለሙ በፊት ያለው ነው። ክፍሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጨውና ቅባት ይወገዳል። በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ አይገባም፤ አልሙኒየምን ይበላል። የተነሳው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የብረት ብሩሽ ግን አይነካውም፤ የብረቱ ብናኝ በአልሙኒየሙ ላይ ተሰክቶ አዲስ መበላት ይጀምራል። አሮጌው ፕራይመር ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ ዚንክ ክሮሜት ሊሆን ስለሚችል፣ ብናኙ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነውና በውኃ እየረጠበ ይፋቅ፤ ሠራተኛውም የመተንፈሻ ጭምብል ያድርግ።

የተቦረቦረው ቦታ በኢፖክሲ ይሞላል፤ ውኃ በሚመጥ የመኪና ስቱኮ አይደለም። ከዚያ በቲነር ተጠርጎ፣ ኦክሳይዱ ሳይመለስ በዚያው ቀን ለአልሙኒየም የተዘጋጀ ፕራይመር ይቀባል። የላዩ ቀለም በስስ በስሱ ይደራረባል፤ የማድረቂያው ጊዜ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነው። አኖዱ፣ አኖዱ የሚያርፍበት ቦታና የውኃ ማስገቢያው ቀዳዳ በፕላስተር ይሸፈናሉ። የብሎኖቹ ጥርስ ውኃ የሚቋቋም ግራሶ ይቀባል። መዳብ ያለበትን የመርከብ ቀለም እዚህ ላይ መቀባት ጠላትን ቤት ማስገባት ነው፤ መዳቡ አልሙኒየሙን ያስበላዋል።

አኖዱም በውኃው ዓይነት ይመረጣል። ለጨው ውኃ ዚንክ ወይም የአልሙኒየም አኖድ ይሆናል። እንደ ጣና ላለ ጨው አልባ ውኃ ማግኒዚየም ይመረጣል፤ ዚንክ በዚህ ውኃ ሽፋን አውጥቶ ሥራ ያቆማልና። ማግኒዚየሙ በተራው ባሕር ውስጥ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ከባሕር አገር የመጣ ሞተር ሐይቅ ላይ ከመውረዱ በፊት አኖዱ ሊለወጥለት ይገባል።

ሒሳቡ

ለስሌት ብቻ ደኅናው ሞተር በ100፣ አዲስ የተቀባውና ታሪኩ የማይታወቀው በ90 ቀረቡ እንበል። የታችኛውን ክፍል መለወጥ 30 የሚፈጅ ከሆነ፣ 10 የቀነሰው ዋጋ የሚያዋጣው ጉዳት የመኖሩ ዕድል ከሦስት አንድ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ጀልባዋ ቆማ የሚቀረው ገቢ ሲደመር ሚዛኑ የበለጠ ያጋድላል። ተሳፋሪ ይዛ ሐይቅ መካከል ብትቆም የሚደርሰው ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አኖዱና የማርሹ ዘይት በባለሙያ እንዲታዩ ይጠይቅ፤ ውጤቱም በውሉ ላይ ይስፈር። ሐቀኛ ሻጭ ይህን አይፈራም፤ ደላላውም ስሙ ይጠበቅለታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ አኖድ በጊዜው መለወጥ የሞተር እግር ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል።