ዝምታ ጤና አይደለም፦ በሩቅ ጣቢያ ኮምፒውተር ላይ የክትትል ወኪልን መጫንና ማዋቀር

በማሽላ አገር ያደገ ሰው የማማ ጠባቂን ሥራ ያውቃል። ጠባቂው ወፍ ወይም ዝንጀሮ ሲመጣ ይጮኻል፤ ወንጭፉን ይወረውራል፤ ጅራፉን ያጮኻል። ባለ ማሳው ቤቱ ተቀምጦ ምንም ጩኸት ካልሰማ «ማሳዬ ደኅና ነው» ይላል። ነገር ግን ጠባቂውን እንቅልፍ ጥሎት ቢሆንስ? የዚያን ቀን ዝምታ ከሰላሙ ቀን ዝምታ በምንም አይለይም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ችግር በኮምፒውተር ረገድ ነው። በሩቅ ሥፍራ በሚገኝ የመለኪያ ጣቢያ ላይ የክትትል ወኪል የሚባለውን ሶፍትዌር በትእዛዝ መስመር እንዴት እንደምንጭንና እንደምናዋቅር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝምታን ራሱን እንዴት እንደምንለካ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ አሶሳን መርጠናል።

ያመለጠ መለኪያ አይመለስም

አሶሳ በ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ34.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ትገኛለች። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ በአገሪቱ ሰማይ ላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ምክንያት ነጻ ኤሌክትሮኖች የበዙበት የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ የተመራማሪዎችን ልዩ ትኩረት ይስባል። በኢትዮጵያ አዮኖስፌር ላይ በተደረጉ ጥናቶች ውስጥም የአሶሳ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ መረጃ ከባሕር ዳርና ከአርባ ምንጭ መረጃ ጎን ለጎን አገልግሏል።

የአለካኩ መርህ ቀላል ነው። ሳተላይቱ በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ ሁለት የሬዲዮ ሞገዶችን ይልካል። አዮኖስፌር ድግግሞሹ ዝቅተኛ የሆነውን ሞገድ ይበልጥ ያዘገየዋል። ሁለቱ ሞገዶች የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት ሲለካ በመንገዳቸው ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ይሰላል። ለግምት ያህል፣ በመንገዱ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10,000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች ቢጨመሩ በመጀመሪያው ሞገድ የሚለካው ርቀት በ16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሳሳታል።

መቀበያው በየ30 ሴኮንዱ ቢመዘግብ በቀን 2,880 ጊዜ ይመዘግባል። በላቦራቶሪ ውስጥ የተበላሸን ሙከራ በማግሥቱ መድገም ይቻላል። የትናንትናውን ሰማይ ግን ማንም ሊደግመው አይችልም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ በውጭ አገር ሳለሁ ከአንድ ሩቅ ጣቢያ የሚላክ መረጃ እጠብቅ ነበር። በመጋቢት ወር ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በወገብ አካባቢ ያለው አዮኖስፌር ከምሽት በኋላ አብዝቶ በሚታወክበት ወቅት፣ የ19 ቀን መረጃ ጠፍቶ አገኘሁት። ኃይል አልተቋረጠም፤ መቀበያውም አልተበላሸም፤ የኮምፒውተሩም መብራት በርቶ ነበር። የሞላው ዲስኩ ነው። በየቀኑ በጣቢያው በር የሚያልፈው ሰው አረንጓዴውን መብራት አይቶ ያልፍ ነበር። 54,720 ምዝገባዎች በዚህ ዓይነት ቀሩ።

ወኪል ምንድን ነው?

የክትትል ወኪል በሚጠበቀው ኮምፒውተር ላይ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። የዲስኩን ባዶ ቦታ፣ የማስታወሻውን ይዞታ፣ የፕሮግራሞችን መኖርና የመሳሰሉትን እየለካ ለማዕከላዊ ሰርቨር ያስታውቃል። ሰርቨሩም መረጃውን ያከማቻል፤ ከወሰን ያለፈ ነገር ሲያገኝ ለባለሙያው መልእክት ይልካል።

ለዚህ ተግባር የሚውሉ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው። እኛ የምንጠቀመው ዛቢክስን ነው። አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የተባለ የላትቪያ ባለሙያ ሥራውን በ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝና የምንጭ ኮዱም ክፍት የሆነ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ የሚጠበቀውና የሊኑክስ ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ደግሞ አሶሳ ውስጥ ከአንድ መቀበያ አጠገብ ተቀምጧል ብለን እናስብ።

ሥራውን በመስኮትና በመዳፊት ማከናወን እየተቻለ የትእዛዝ መስመርን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በኤስ.ኤስ.ኤች. አማካይነት ከሩቅ ስንገባ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቀጭን ግንኙነትም ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ የተጻፈ ትእዛዝ ይመዘገባል፤ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ በሌላ ጣቢያም ሳይለወጥ ይደገማል። ሳይንስ የሚጠይቀውም ይኸው ተደጋጋሚነት ነው።

አጫጫኑ

ከዚህ በታች የሰፈሩት ትእዛዞች እንደ አነባበባቸው የተጻፉ ናቸው፤ በኪቦርድ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። በመጀመሪያ የዛቢክስን የጥቅል ማከማቻ የሚያስተዋውቀውን አነስተኛ ጥቅል ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርደን እንጭናለን። በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ከዚያ የሚቀጥሉት ሁለት መስመሮች ናቸው፦

ሱዱ አፕት አፕዴት
ሱዱ አፕት ኢንስቶል ዛቢክስ-ኤጀንት2

የመጀመሪያው የጥቅሎችን ዝርዝር ያድሳል፤ ሁለተኛው ወኪሉን ይጭናል። «ሱዱ» የሚለው ቃል ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲፈጸም ያደርጋል። ወኪሉ ራሱ ግን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አይሠራም፤ «ዛቢክስ» በሚባል ሥልጣኑ የተወሰነ ተጠቃሚ ስም ይሠራል። ይህን አስታውሱ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አዋቀሩ

የወኪሉ ማዋቀሪያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ «ናኖ» በተባለው ጽሑፍ ማረሚያ ሊከፈት ይችላል። ከመንካታችሁ በፊት ቅጂውን አስቀምጡ። በውስጡ ካሉት በርካታ መስመሮች ለእኛ ዋና የሆኑት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ሆስትኔም፦ የጣቢያው ስም ነው። በሰርቨሩ ላይ ከተመዘገበው ስም ጋር ፊደል በፊደል መስማማት አለበት። የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት እንኳ ሰርቨሩ ወኪሉን እንዳያውቀው ያደርጋል። የጀማሪዎች ተደጋጋሚ ስሕተት ይህ ነው።

2ኛ. ሰርቨርአክቲቭ፦ ወኪሉ ራሱ የሚደውልለት ሰርቨር አድራሻ ነው። ክትትል በሁለት መንገድ ይከናወናል፤ ሰርቨሩ በ10050 ቁጥር ፖርት ወኪሉን ሊጠይቅ፣ ወይም ወኪሉ በ10051 ቁጥር ፖርት ለሰርቨሩ ሊያስታውቅ ይችላል። በሞባይል መስመር ላይ ያለ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ አድራሻ የለውም። ስለዚህ ለአሶሳው ጣቢያ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። በሰርቨሩ በኩልም እያንዳንዱ መለኪያ በዚሁ ዓይነት መመዝገብ ይኖርበታል።

3ኛ. የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ፦ መልእክቱ በሕዝብ መስመር ላይ ስለሚያልፍ መመስጠር አለበት። 256 ቢት የሆነ የዘፈቀደ ቁጥር በ«ኦፕንኤስኤስኤል» አመንጭተን በፋይል እናስቀምጣለን። ፋይሉን ከ«ዛቢክስ» ተጠቃሚ በስተቀር ሌላ ሰው እንዳያነበው እንከለክላለን፤ ያንኑ ቁልፍ በሰርቨሩም እንመዘግባለን።

4ኛ. ቋሚ መጠባበቂያ፦ ግንኙነት ሲቋረጥ የተለካው ነገር የት ይቆያል? እንዳለ ከተተወ በማስታወሻ ውስጥ ብቻ ይቆያል፤ ኃይል ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ኤጀንት2 በዲስክ ላይ የሚያቆይበት አማራጭ አለው፤ ነገር ግን ተዘግቶ ስለሚመጣ እኛ ልንከፍተው፣ የፋይሉንም ሥፍራ ልንነግረው ይገባል። የሚያቆይበት ጊዜ ካልተለወጠ አንድ ሰዓት ነው። ለሩቅ ጣቢያ ሰባት ቀን ማድረግ ብልህነት ነው።

5ኛ. ዩዘርፓራሜተር፦ የራሳችንን መለኪያ የምንጨምርበት መስመር ነው። ለምሳሌ «መቀበያው የመጨረሻውን ፋይል ከጻፈ ስንት ሴኮንድ ሆነው?» የሚል ጥያቄ የሚመልስ አጭር ትእዛዝ እንጽፍበታለን። ወኪሉ «ዛቢክስ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ይሠራል ብለናልና ያ ተጠቃሚ የመረጃውን ማኅደር ማንበብ ካልተፈቀደለት መልስ አያገኝም።

ፋይሉን ካስቀመጥን በኋላ፦

ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ዛቢክስ-ኤጀንት2
ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ዛቢክስ-ኤጀንት2

የመጀመሪያው ወኪሉን በአዲሱ አዋቀር ያስነሣዋል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ወኪሉም አብሮ እንዲነሣ ያዝዛል። ይህ ሁለተኛው መስመር የተረሳ እንደሆነ ወኪሉ ከሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ በኋላ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። በመጨረሻም የወኪሉን የክንውን መዝገብ ማንበብ ያስፈልጋል። «ተጭኗል» ማለትና «እየሠራ ነው» ማለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ዝምታን መለካት

እስካሁን ጠባቂውን ማማው ላይ አውጥተነዋል። አሁን የቀረው መተኛቱን ማወቅ ነው። መፍትሔው ጠባቂው አውሬ ባይመጣም በየጊዜው ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። ለዚህም ወኪሉ በየደቂቃው «አለሁ» የሚል ምልክት እንዲልክ እናዝዛለን። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ «ኖዴታ» የሚባለውን ተግባር ተጠቅመን «ለ30 ደቂቃ ምንም ካልደረሰ አስጠንቅቅ» የሚል ደንብ እናቆማለን። ልብ በሉ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው አሶሳ ያለው ወኪል ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ነው። የሞተ ሞቱን ሊናገር አይችልምና።

ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እኔ በነገርኳችሁ ጣቢያ ላይ ወኪል ቢኖር ኖሮ ዲስኩ ሞልቶም ቢሆን «አለሁ» ማለቱን ሊቀጥል ይችል ነበር። ስለዚህ የኮምፒውተሩን መኖር ብቻ ሳይሆን የሥራውን ፍሬ መለካት አለብን፤ በ5ኛው መስመር የጻፍነው የመጨረሻው ፋይል ዕድሜ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዲስኩንም ወሰን በመቶኛ ሳይሆን በቀን ብናስብ ይሻላል። 40 ጊጋባይት ዲስክ 10 በመቶ ቢቀረው 4 ጊጋባይት ነው። ጣቢያው በቀን 50 ሜጋባይት ከጻፈ 80 ቀን፣ 2 ጊጋባይት ከጻፈ ግን ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ሁለት ቀን አዲስ ዲስክ ገዝቶ ከአዲስ አበባ አሶሳ ለማድረስ አይበቃም። ዛቢክስ ካለፉት መለኪያዎች በመነሣት የቀረውን ጊዜ የሚገምት ተግባር አለው።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር እናክል። የጣቢያው ኮምፒውተር በዓለም አቀፍ ሰዓት ቢሠራ ይመረጣል። በ21፡00 የተላከ ማስጠንቀቂያ ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን አሶሳ ከዚያ 10.5 ዲግሪ ያህል በስተምዕራብ ትገኛለች። በአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ በአሶሳ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ ነው። አዮኖስፌርን የሚያጠና ሰው ይህን ሳያስተካክል መረጃውን ቢያነብ ከፀሐይ ጋር አይገጥምለትም።

ለልምምድ

ተማሪዎች ይህን ለመሞከር የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ አያስፈልጋቸውም። በትምህርት ቤታችሁ ወይም በፋኩልቲያችሁ ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ሰርቨሩን፣ በሌላው ላይ ወኪሉን ጫኑ። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ሆን ብላችሁ አበላሹ፤ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ፤ ኃይሉን አጥፉ፤ ዲስኩን ሙሉ። ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያው በስንት ደቂቃ እንደ ደረሰ፣ ከመመለሱም በኋላ የትኛው መረጃ እንደ ተረፈና የትኛው እንደ ጠፋ በሠንጠረዥ መዝግቡ። ያልተፈተነ ጠባቂ መተማመኛ ሊሆን አይችልም። ሠንጠረዣችሁን ካዘጋጃችሁ በኋላ ብቻ «ጣቢያችን ደኅና ነው» ለማለት ትችላላችሁ።