የነጻ ኮሚክ ጸሐፊ መተዳደሪያና የሥራው ባለቤትነት፦ የሃርቪ ፒካር ልምድ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ ሥዕል የማይሥል፣ አሳታሚ ድርጅትም ያልቀጠረው የኮሚክ ጸሐፊ ሙያውን በምን ላይ ሊመሠርት እንደሚችል ይመረምራል። ለማሳያነት የተመረጠው «አሜሪካን ስፕሌንደር» የተሰኘውን ተከታታይ ኮሚክ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው የክሊቭላንዱ ጸሐፊ ሃርቪ ፒካር ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ፒካርን ነጻ ጸሐፊ ያደረገው የመጽሐፉ ሽያጭ ሳይሆን መተዳደሪያውን ከድርሰቱ መለየቱ ነው፤ ይህም የሥራውን ባለቤትነት ሳይሸጥ እንዲቆይ አስችሎታል። የመንገዱ ዋጋና ውስንነትም አብረው ይታያሉ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ኮሚክ ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎችና በሥዕሎቹ ውስጥ በሚሰፍር ንግግር የሚተርክ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። ልቦለድ ጸሐፊ ብዕርና ወረቀት ካለው ድርሰቱን ብቻውን ሊፈጽም ይችላል። ሥዕል የማይችል የኮሚክ ጸሐፊ ግን ድርሰቱን ጨርሶም ሥራው ገና ጅምር ነው። ሠዓሊ ያስፈልገዋል፤ ሠዓሊው ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ጸሐፊው ካጠፋው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የነጻ ኮሚክ ጸሐፊ ችግር በመጀመሪያ የሥነ ጽሑፍ ችግር አይደለም። የሌላውን ሰው ድካም ማን ይክፈል፣ ከክፍያው በኋላስ ሥራው የማን ይሁን የሚል ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ የኮሚክ ኢንዱስትሪ ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ አሳታሚው ሁሉንም ይከፍላል፣ ሁሉንም ይወስዳል የሚል ነበር። ጸሐፊውና ሠዓሊው በገጽ እየተሰላ ይከፈላቸዋል፤ የፈጠሩት ገጸ ባሕርይና ታሪክ ግን የድርጅቱ ንብረት ይሆናል። የዚህ አሠራር ዋነኛ ማሳያ የሆኑት ሁለት ወጣቶች የኖሩት በዚያው በክሊቭላንድ ከተማ ነበር። ጸሐፊው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። በኋላ በፍርድ ቤት ቢሟገቱም ገጸ ባሕርዩን ማስመለስ አልቻሉም። ዓመታዊ የ20,000 ዶላር ድጎማና የፈጣሪነት ስማቸው እንዲጠቀስ የሚያደርግ ስምምነት ያገኙት በ1975 መጨረሻ፣ ከ37 ዓመታት በኋላ ነው። «አሜሪካን ስፕሌንደር» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1976 ነው።

ደመወዝ እንደ አሳታሚ

ፒካር በ1939 ክሊቭላንድ ውስጥ ተወለደ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ በከተማው በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከሥራው ጎን ለጎን የጃዝ ሙዚቃ ሂስ ይጽፍ ነበር። ወደ ኮሚክ የመራው በ1962 ከሠዓሊው ከሮበርት ክራም ጋር የጀመረው ወዳጅነት ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸውም አሮጌ የጃዝ ሸክላ የመሰብሰብ ፍቅር ነበር። ፒካር ኮሚክ የጀግኖችን ገድል ብቻ ሳይሆን የተራውን ሰው የዕለት ኑሮ ሊተርክ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ሥዕል ስለማይችልም ገጹን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ፣ ሰዎቹን በእንጨት መሳይ መስመሮች አመልክቶ፣ ንግግራቸውን ከላይ ጽፎ ለሠዓሊዎች ይሰጥ ነበር። ክራም ይህን ንድፍ አይቶ ለመሣል ፈቃደኛ ሆነ፤ ጌሪ ዳምን የመሳሰሉ የክሊቭላንድ ሠዓሊዎችም በሥራው ተሳተፉ።

ፒካር ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል መጽሐፉን በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ያሳትም የነበረው በራሱ ወጪ ነው። ሸክላ መሰብሰቡን ትቶ ገንዘቡን ለሠዓሊና ለማተሚያ ቤት አዋለው። የሆስፒታሉ ሥራ ለድርሰቱ ያበረከተው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጽሐፉ ቢከስርም የቤት ኪራይ የሚከፍል ቋሚ ገቢ ሰጥቶታል። ሁለተኛ፣ የታወቀ የሥራ ሰዓት ስለነበረው ከሥራ ውጭ ያለው ጊዜ የእርሱ ነበር፤ የደረጃ ዕድገት ሲቀርብለትም አይቀበልም ነበር። ሦስተኛ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ የኮሪደር ጨዋታውና የአለቃና የበታች ግንኙነቱ ራሱ የታሪኮቹ ዋና ጭብጥ ሆነ። በሌላ አነጋገር ደመወዙ የመጽሐፉ አሳታሚ ነበር፤ በገጾቹ ላይ ግን ምንም የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም።

የስርጭት መንገድ

ደመወዝ መጽሐፍ ቢያሳትምም አንባቢ ዘንድ አያደርስም። ቀደም ሲል ኮሚክ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫዎች ሲሆን፣ ያልተሸጠው ቅጂ ለአሳታሚው ይመለስ ነበር። አነስተኛ አሳታሚ ይህን ኪሳራ ሊሸከም አይችልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊል ሱሊንግ የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ሌላ አሠራር ዘረጋ፦ የኮሚክ መደብሮች ከፍ ያለ ቅናሽ ያገኛሉ፣ በምላሹ ያዘዙትን ቅጂ አይመልሱም። በዚህ ሥርዓት አሳታሚው ከማተሙ በፊት የትዕዛዙን ብዛት ስለሚያውቅ በግል ገንዘብ ለሚታተሙ ኮሚኮች በር ተከፈተ።

ይሁን እንጂ የስርጭት መንገድ ራሱ ሌላ ጥገኝነት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አከፋፋዮች እርስ በርስ ሲጠፋፉ አብዛኛው ገበያ በዳይመንድ እጅ ገባ፤ ያ ድርጅት በጥር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ በርካታ አነስተኛ አሳታሚዎች ገንዘባቸውና መጽሐፋቸው በእርሱ እጅ ነበር። ነጻ የሚባለው ጸሐፊ ከአሳታሚ ነጻ ቢሆንም ከአከፋፋይ ነጻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

የባለቤትነት ፍሬና ዋጋው

የፒካር መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት ትርፍ አላስገኘለትም። ሆኖም ታሪኮቹ የራሱ ስለነበሩ ደጋግሞ ሊያሠራቸው ችሏል። በ1986 ደብልዴይ የተባለው ታላቅ አሳታሚ የተመረጡትን ሰብስቦ አወጣ፤ ስብስቡ በ1987 የአሜሪካ መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ከባለቤቱ ከጆይስ ብራብነር ጋር ስለ ካንሰር ሕመሙ የጻፉትና ፍራንክ ስታክ የሣለው መጽሐፍ በ1994 ወጣ። በ2003 ደግሞ በሕይወቱና በሥራዎቹ ላይ የተመሠረተው ፊልም በሰንዳንስ ፌስቲቫል የዳኞችን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ይህ ሁሉ የአንድ ንብረት ተከታታይ ፍሬ ነው፤ ገጹን ሸጦ ቢሆን ኖሮ ፍሬው የገዢው ይሆን ነበር።

ነጻነቱ በሌላም መልኩ ታይቷል። ፒካር በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በተደጋጋሚ እየቀረበ በአገር ደረጃ ታውቆ ነበር። በ1988 ግን በዚያው መድረክ የጣቢያውን ባለቤት ጀነራል ኤሌክትሪክን ነቀፈ፤ ከዚያም ለዓመታት አልተጋበዘም። መተዳደሪያው ከመዝገብ ቤቱ እንጂ ከዝናው ስላልነበረ በማግስቱ ወደ ሥራው መመለስ ይችል ነበር።

ዋጋው ግን መዘንጋት የለበትም። መጽሐፉ የተጻፈው ከሥራ በኋላ በሚቀር ጉልበት ነው። ከመጀመሪያው እትም እስከ ፊልሙ 27 ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የፒካርን ሕይወት «ታገሥ፣ ይሳካል» የሚል ምክር አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው። ፊልሙ ባይመጣም ደመወዙ አይቋረጥም ነበር፤ የአካሄዱ ጥንካሬም ስኬትን ባለመጠበቁ ላይ ነው።

ከፒካር በኋላ

ዛሬ ጸሐፊው ያለው አማራጭ ሰፍቷል። በ1992 በሰባት ሠዓሊዎች የተመሠረተው ኢሜጅ ኮሚክስ ከሽያጩ የተወሰነ ክፍያ ወስዶ ባለቤትነቱን ሙሉ በሙሉ ለፈጣሪዎቹ ይተዋል። በ2009 ሥራ የጀመረው ኪክስታርተር አንባቢው ከኅትመት በፊት እንዲከፍል ያደርጋል። ሁለቱም ግን የመጀመሪያውን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈቱም፤ መጽሐፉ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ሠዓሊው የሚኖርበትን ገንዘብ የሚፈልገው አሁንም ጸሐፊው ነው።

በኢትዮጵያም ይህን መንገድ የሚመስል ጅምር አለ። ብስራት ደበበ በመሠረተው አነስተኛ የኅትመት ተቋም አማካይነት ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ያለውን «ጀምበር»ን በ2018 ያወጣ ሲሆን፣ ኮሚኩ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ቀርቧል። በእርግጥ በራስ ገንዘብ ማሳተም ለአማርኛ ደራሲ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ደራስያን ከደመወዛቸው ቆጥበው ወይም ተበድረው ለማተሚያ ቤት ይከፍላሉ፤ መጽሐፉንም በአከፋፋይና በአዟሪ እጅ ይሸጣሉ። ኮሚክ በዚህ ላይ የሠዓሊ ክፍያና የቀለም ኅትመት ወጪ ይጨምራል፤ በአንጻሩ ያዘዘውን የማይመልስ ልዩ የኮሚክ መደብር የለም። ስለዚህ ፒካር ከነበሩት ሁለት ድጋፎች ለአዲስ አበባው ጸሐፊ ሊኖረው የሚችለው አንዱ፣ ደመወዙ፣ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ በተለይ ትኩረት ይሻል። ሠዓሊ የሚቀጥር ጸሐፊ በዚያው ቅጽበት እርሱ ራሱ አሳታሚ ይሆናል። በገጽ ከፍሎ ሁሉንም መብት ለራሱ ካስቀረ፣ ሲገልና ሹስተር የተፈረደባቸውን አሠራር በሠዓሊው ላይ ይደግመዋል። ክፍያው አነስተኛ በሆነ መጠን የባለቤትነት ድርሻው ሊሰፋ ይገባል፤ ይህም የመጀመሪያው ገጽ ከመሣሉ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ነጻ ጸሐፊ ማለት ጥገኝነት የሌለበት ሳይሆን በድርሰቱ ላይ ሥልጣን ከሌለው ነገር ጋር ጥገኝነቱን ያሰረ ሰው መሆኑ ነው። ለፒካር ያ ነገር የመዝገብ ቤት ደመወዝ ነበር፤ ለሌላው መምህርነት ወይም የቢሮ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የሙያው መለኪያ ዓመታዊ ገቢ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ነው። ጸሐፊው ከሃያ ዓመት በኋላ የጻፈውን አንሥቶ ያለማንም ፈቃድ እንደገና ሊያሳትመው መቻሉም መለኪያ ነው። በአገራችን በዘርፉ ሊደረግ የሚገባው ቀጣይ ጥናትም ከዚህ ቢነሣ ይመረጣል፦ በጸሐፊና በሠዓሊ መካከል የሚፈረሙ ውሎችን ሰብስቦ፣ ማን ምን እንደሚከፍልና ማን ምን ይዞ እንደሚቀር መመርመር።