ግራፍን ከግራፍ በግምት ስለ ማዛመድ

አንድን ሕንፃ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ብናነሣው፣ ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ ሕንፃ መሆናቸውን ዓይናችን ወዲያው ይለያል። ኮምፒውተር ግን የሚደርሰው የብርሃንና የጥላ ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ሥዕል ማዕዘን በሁለተኛው ላይ የትኛው እንደ ሆነ በስሌት መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ይህ ፍለጋ እንዴት እንደሚካሄድና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ግራፍ ስንል ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ማለታችን ነው። የሕንፃው ማዕዘኖች ነጥቦች ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ የመስመሮቹ ልክ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ከሀ እስከ ለ 3፣ ከለ እስከ ሐ 4፣ ከሀ እስከ ሐ 5 ነው እንበል። በሁለተኛው ሥዕል ከመ እስከ ሠ 4.1፣ ከሠ እስከ ረ 5.2፣ ከመ እስከ ረ 2.9 ይሁን። ልክ በልክ ይመሳሰሉ ካልን፣ እኩል የሆነ መስመር አንድም ስለሌለ መልሱ «አይዛመዱም» ነው። ነገር ግን ሀን ለረ፣ ለን ለመ፣ ሐን ለሠ ብንደለድል ልዩነቱ በጠቅላላው 0.4 ብቻ ነው፤ ሀን ለመ፣ ለን ለሠ፣ ሐን ለረ ብንሰጥ ግን 4.4 ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄያችን «እኩል ናቸውን?» ሳይሆን «ልዩነቱ የሚያንሰው በየትኛው ድልድል ነው?» መሆን ይገባዋል።

ለ3 ነጥቦች 6 ድልድሎች ብቻ ስላሉ ሁሉንም መሞከር ይቻላል። ለ10 ነጥቦች 3,628,800 ይሆናሉ። ለ20 ነጥቦች ግን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ድልድል የሚሞክር መሣሪያ እንኳ 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ መልክ ብቻ ቢመዘን ኖሮ፣ ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው «የሃንጋሪ ዘዴ» ትክክለኛውን መልስ በፍጥነት በሰጠን ነበር። ችግሩን የሚያከብደው የምንመዝነው ጥንድን ከጥንድ ጋር መሆኑ ነው፤ የአንዱ ነጥብ ድልድል የሌላውን ዋጋ ይለውጣልና። በግምት ወደሚሠሩ ዘዴዎች የምንሄደውም ስለዚህ ነው። ከነዚህም ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛው የማረም ዋጋ ነው። አልቤርቶ ሳንፌሊዩና ኪንግ-ሰን ፉ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳቀረቡት፣ አንዱን ግራፍ ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ነጥብና መስመር መጨመር፣ መሰረዝ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይተመናል። በሁለተኛው ሥዕል አንድ ማዕዘን በዛፍ ቢሸፈን፣ የአንድ ስረዛ ዋጋ ተከፍሎ ሥራው ይቀጥላል።

ሁለተኛው በምስክሮች ስምምነት ይመሰላል። እውነተኛ ምስክሮች ቃላቸው እርስ በርሱ ይገጥማል፤ የሐሰተኞቹ ግን አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገጥምም። ማሪዩስ ሌዎርዴያኑና ማርሻል ኤቤር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ዘዴ፣ ሊሆኑ የሚችሉ ጥንዶች ስምምነት በማትሪክስ ይጻፍና ከማትሪክሱ ዋና አይገንቬክተር ጠንካራዎቹ ጥንዶች በተራ ይመረጣሉ።

ሦስተኛው ውሳኔን ማዘግየት ነው። ስቲቨን ጎልድና አናንድ ራንጋራጃን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከማለት ይልቅ ለእያንዳንዱ ጥንድ በ0 እና በ1 መካከል ቁጥር ይሰጥና፣ ስሌቱ ሲደጋገም ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ዳር እንዲያዘነብሉ ይደረጋል።

እነዚህ ዘዴዎች ፈጣኖች ናቸው፤ ነገር ግን የሰጡን ድልድል ከሁሉ የተሻለው ስለ መሆኑ በጠቅላላው ዋስትና የላቸውም። ከዚህም የሚብስ አለ። ከሁሉ ያነሰ ልዩነት ምንጊዜም ይኖራል፤ የፍየል ሥዕል ከወንበር ሥዕል ጋር ቢቀርብለት እንኳ መሣሪያው አራቱን እግር ከአራቱ እግር አዛምዶ መልስ ይሰጣል። «ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው» ማለትና «ያው ራሱ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነገሩ የሰው ፊት በሆነ ጊዜ ሁለቱን ማደባለቅ ያልበደለውን ሰው ሊያስከስስ ይችላል።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የምንከታተል ሁሉ ሦስት ነገር እንልመድ፤ ዘዴውን ሁሉንም ድልድል ለመቁጠር በሚቻልባቸው ትንንሽ ግራፎች አስቀድመን እንፈትነው፤ «አይዛመዱም» የምንልበትን ወሰን ከሥራው በፊት እንወስን፤ ከመልሱም ጋር የልዩነቱን መጠን እንጻፍ። መገመት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ግምትን እንደ እርግጥ አድርጎ ማቅረብ ነው።